ከጠብታ የሚነሳ ጠብ



እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት አንድ ከረጢት የገበታ ጨው፣ አንድ የመስታወት ቡሬትና ጥቂት ፍላስኮች ናቸው። ጨውን ዛሬ ጠዋት ከሰፈር ሱቅ ገዝቼው ነው የመጣሁት። ኋላ እንመለስበታለን። አውቶማቲክ ታይትሬተሩን ግን ይዤላችሁ አልመጣሁም፤ ኤሌክትሮድ በሚኒባስ ታክሲ መጓዝ አይወድም።

የምሽቱ ርዕስ ታይትሬሽንን በእጅ መሥራትና በማሽን መሥራት በምን ይለያያሉ የሚል ነው። "የቱ ይሻላል?" የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ የግዢ ክፍል ሰዎች ስለነበሩ መልሱን የሚጠብቁት በዋጋ ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ነበር። እኔ ግን ከአንዲት ጠብታ ልነሳ።

አማርኛችን "ጠብ"ን ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። ውሃ ከጣሪያ ጠብ ይላል፤ ሰውና ሰውም ጠብ ይፈጥራል። በእኛ ሙያ ሁለቱ ተያይዘው ይመጣሉ። ከቡሬቱ ጫፍ ጠብ ያለችው ነገር በጨው ነጋዴና በተቆጣጣሪ መካከል ጠብ ታነሳለች። እንዴት ቢባል፣ ይኸው ጨው ይመስክር።

"እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለውን ተረት የማያውቅ እዚህ የለም። አባቶቻችን በመከራ ላይ ለተደረበ መከራ እንቅርትን ምሳሌ ያደረጉት በየቀዬው ያዩት ስለነበር መሆን አለበት። እንቅርት የሚመጣው ደግሞ አዮዲን ሲያንስ ነው። የደጋ አፈር አዮዲኑን ዝናብ ሲያጥበው ኖሯል፤ ከዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። መፍትሔው በጨው ውስጥ ፖታሲየም አዮዴት መጨመር ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገድዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እቤት ጓዳ የደረሰ ጨው በአንድ ኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል ይላል። ይህንን 15 ቁጥር ያዙልኝ።

አዮዲኑ መኖር አለመኖሩን በፈጣን መመርመሪያ ጠብታ ማየት ይቻላል፤ ጨው ላይ ጠብ ሲደረግበት ሰማያዊ ይሆናል። ምን ያህል እንዳለው ግን በደንብ የሚናገረው ታይትሬሽን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ግራም ጨው መዝነህ በውሃ ታሟሟለህ። ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድና ፖታሲየም አዮዳይድ ስትጨምርበት ጨው ውስጥ ያለው አዮዴት ነጻ አዮዲን ይለቃል፤ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ፍላስኩን ከድነህ ጨለማ ውስጥ 10 ደቂቃ ታስቀምጠዋለህ፤ ብርሃን ካየ አየሩ ራሱ ከአዮዳይዱ ተጨማሪ አዮዲን መፍጠር ይጀምራልና። ከዚያ 0.005 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ከቡሬት እያንጠባጠብህ አዮዲኑን ታጠፋዋለህ። ቢጫው ሊጠፋ ሲቃረብ ስታርች ጨምርበት፤ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ድንገት ድርግም ብሎ ሲጠፋ ቡሬቱን ዝጋ፣ ቁጥሩን አንብብ።

ስታርቹን ቶሎ የጨመረ ተማሪ ይቀጣል። አዮዲኑ ከስታርቹ ጋር ተጣብቆ አልለቅ ይላል፤ ማብቂያው ይዘገያል፣ ቁጥሩም ይበላሻል። ክፍሉ በጣም ሞቃት ከሆነ ደግሞ አዮዲኑ ተንኖ ይሄዳል፤ ስታርቹም ይደክማል። ጨው በብዛት የሚመረተው አፍዴራ መሆኑን ስታስታውሱ የአፋር ሙቀት ለዚህ ሥራ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት በአንድ ኪሎ ጨው 10.58 ሚሊ ግራም አዮዲን ማለት ነው። ከተራ ቡሬት የምትወርድ አንዲት ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ናት። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ከግማሽ ሚሊ ግራም ትንሽ ትበልጣለች። ቡሬቱ 1.40 ላይ ከቆመ ጨው 14.8 አለው፤ ወደቀ። 1.45 ላይ ከቆመ 15.3 አለው፤ አለፈ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ጠብታ ናት። የዚያ ጭነት ባለቤት ከደጅ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ምርመራ በሚሠራበት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ቡሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓመታት አልፈው አሮጌ ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ውጤቶቹን በቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። 11 አለ፣ 12 አለ፣ 13 አለ። 14 ላይ ሲደርስ ባዶ ነው። ከዚያ 15 ላይ ክምር! 15.3፣ 15.3፣ 15.9፣ 15.3። ጨው በተፈጥሮው 14ን ይጠላል እንዴ?

14ን የምጠላው እኔ ነበርኩ። 14.8 ከጻፍኩ ቅጽ መሙላት፣ ናሙናውን ደግሞ መሥራት፣ ከአለቃዬ ጋር መነጋገር ይከተላል። ደግሞም ሰማያዊው ሲጠፋ "በእርግጥ ጠፋ ወይስ ገና ጥላ አለው?" የሚል ጥርጣሬ ሁልጊዜ አለ። በዚያች ጥርጣሬ ውስጥ እጄ አንድ ጠብታ ይጨምራል። ጉቦ አልበላሁም፤ ነጋዴውን አላውቀውም። ዋሽቻለሁ ብዬም አላስብም ነበር። ዐይኔ ግን የት መድረስ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ የሚያውቅ ዐይን ደግሞ እዚያው ይደርሳል።

በእጅና በማሽን መካከል ትልቁ ልዩነት፣ በእኔ እምነት፣ እዚህ ጋ ነው ያለው። የሻጭ ወረቀቶች ስለ ፍጥነት ይናገራሉ፤ ስለ ትክክለኛነት ይናገራሉ። ማሽኑ ግን ከሁሉም በላይ የሚበልጠን ባለማወቁ ነው። 15 የሚባል መስመር መኖሩን አያውቅም፤ ነጋዴው ደጅ መቆሙንም አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ፤ የታይትሬሽን ታሪክ ገና ከጅምሩ የገንዘብና የጠብ ታሪክ ነውና። ሩዋን በምትባለው የፈረንሳይ የሸማ ከተማ ደክሯዚል የሚባል ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጀመሪያ፣ ጨርቅ የሚያነጡበትን የክሎሪን ፈሳሽ ጥንካሬ የሚለካበት ባለ መስመር ቱቦ ሠራ። የቡሬት ቅድመ አያት ይህ ነው። ቡሬትና ፒፔት የሚሉትን ስሞች በ1824 ያስለመደን ጌ ሊሳክ ነው። ይኸው ሰው በ1832 ለፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ብርን በጨው ውሃ የሚለካበትን ዘዴ አሳተመ። ከዚያ በፊት የብር ጥራት የሚታወቀው በእሳት አንጥሮ ነበር፤ በእሳቱ ውስጥ ጥቂት ብር ጠፍቶ ይቀራል። ጌ ሊሳክ ብሩን በአሲድ አሟሟው፣ የጨው ሶሉሽን አንጠባጠበበት፤ ነጭ ደመና መፍጠሩን ሲያቆም ቆመ። የሥራችን ስም ራሱ የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው፤ ቲትር በፈረንሳይኛ የወርቅና የብር የንጽሕና መጠን ነው።

የእኛም አያቶች ብር ይመረምሩ ነበር። ማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ ከጎደለ፣ ወይም ምስሉ ከተፋቀ፣ አልቀበልም ነው። በዐይን ብቻ! ብሩ 83 በመቶ ገደማ ንጹሕ መሆኑን የሚነግራቸው ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ዕንቁ ቆጠሩ። ለሕንድ ውቅያኖስና ለቀይ ባሕር ንግድ የሚያትሙት አገሮች ምስሉን እንዳይለውጡ ያስገደዳቸው ይህ የገበያ ዐይን ነው። ዐይንን የማከብረው ለዚህም ነው።

በ1855 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞር ይህን ሁሉ ጥበብ ሰብስቦ በአንድ የትምህርት መጽሐፍ አደረገው። ዛሬ ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ቡሬት ከሞር ቡሬት ብዙ አልራቀም። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመት ያህል ማብቂያውን በአብዛኛው የሚፈርደው የሰው ዐይን ነበር።

ዐይን የማይችለው ነገር አለ። በርበሬ ያለበትን ወጥ፣ የቲማቲም ድልህን፣ ቡናን ውሰዱ። በቀይ ድልህ ውስጥ ፌኖልፍታሊን ሐምራዊ ሆነ አልሆነ ብላችሁ ብትከራከሩ ዐይናችሁ ይደክማል እንጂ መልስ አታገኙም። ከዚያ ደግሞ ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰው አለ። በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ዘንድ ከመቶ ስምንት ያህሉ እንዲህ ናቸው። ሜቲል ኦሬንጅ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲዞር ይህ ሰው ምን ያያል? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳስተምር ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከቀለም ያላቀቀን ሎሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 በካሊፎርኒያ የፍራፍሬ አምራቾች ላቦራቶሪ የሚሠራ ኬሚስት የሎሚ ጭማቂን አሲድነት መለካት ተቸግሮ ወደ ትምህርት ቤት ጓደኛው ወደ አርኖልድ ቤክማን ሄደ። ጭማቂው ውስጥ የነበረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የቀለም ወረቀቱን ያነጣዋል። ቤክማን የመስታወት ኤሌክትሮዱን ደካማ ምልክት የሚያጎላ የቫኩም ቲዩብ ማጉያ ሠራለት፤ ለሥራ የሚመች የፒኤች መለኪያ ተወለደ። ማየት የነበረበት ዐይን ዕረፍት አገኘ፤ ቮልቴጅ ተካው። መጠኑም የታወቀ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች በአንድ ሲቀየር ቮልቴጁ በ59 ሚሊ ቮልት ገደማ ይቀየራል።

የቀረው እጅ ነበር። የስዊዘርላንዱ ሜትሮም በ1956 የፒስተን ቡሬትን አወጣ። ፈሳሹ ከላይ ወደ ታች በክብደቱ መውረዱን ትቶ እንደ መርፌ በፒስተን ተገፍቶ ይወጣል። የዛሬው ማሽን ሲሊንደሩን 10,000 ወይም 20,000 ቦታ ከፋፍሎ ይገፋዋል። 20,000 ቦታ የተከፈለው ሲሊንደር 20 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አንዱ እርምጃ አንድ ሺህኛ ሚሊ ሊትር ነው፤ የእኛ ጠብታ ሃምሳኛ። የእኔ 14.8 እና 15.3 በሃምሳ ደረጃ ተለያዩ ማለት ነው።

የጨውን ነገር ብንወስድ ማሽኑ ስታርች አይፈልግም። ፕላቲነም ኤሌክትሮድ ፈሳሹ ውስጥ ይነከራል፤ ታዮሰልፌቱ ሲገባ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አዮዲኑ ሲያልቅ ደግሞ ገደል እንደገባ ሰው ድንገት ይወድቃል። ማሽኑ ገደሉ ሲቃረብ ማንጠባጠቡን ያዘገያል፤ ራቅ ሲል ያፈጥናል። የወረደበትን ኩርባ በሙሉ ይይዛል። ነገ አንድ ሰው "እንዴት 14.8 አላችሁ?" ብሎ ቢመጣ ኩርባው ይቀርብለታል። የእኔ ደብተር ማስረጃ የሚሆነው በእኔ መታመን ብቻ ነው፤ ኩርባው ግን ራሱን ችሎ ይቆማል።

እንግዲህ ማሽኑን አወደስኩ። አሁን ደግሞ ልውቀሰው።

እኔ ራሴ ማሽን የተገዛለት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ማሽኑ ከገባ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨው ሁሉ ያልፍ ጀመር። ደስ አለን። ቁጥሮቹ ሦስት ዲሲማል ይዘው ነው የሚወጡት፤ 17.482፣ 18.105። እንዲህ ያለ ቁጥር ማን ይጠራጠራል? አንድ ቀን ግን አዮዲኑ የታወቀ ጨው ለሙከራ አስገባን፤ ማሽኑ ከእውነቱ ብዙ አልፎ ሰጠን። ታዮሰልፌታችን ደክሞ ነበር። ባክቴሪያ ያበላሸዋል፣ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ሲደክም ደግሞ ለዚያው አዮዲን ብዙ ይፈሳል፣ ብዙ ሲፈስ ጨው አዮዲን የበዛለት ይመስላል። ማሽኑ የፈሰሰውን በአንድ ሺህኛ ሚሊ ሊትር ልክ ለካ። የፈሰሰው ፈሳሽ ጥንካሬው ስንት እንደሆነ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የነገርነውን ነው ያመነው። የስህተቱ ባለቤት እኔ ነበርኩ፤ ጥንካሬውን በየጊዜው መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበርና።

በእጅ ስንሠራ ይህ ነገር ቶሎ ይነቃ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቡሬት የሚሞላ ሰው ጠርሙሱን በየቀኑ ያነሳዋል፤ ፈሳሹን ያየዋል፣ የደበዘዘ ከሆነ ያሸተዋል፣ የመለያ ወረቀቱን ቀን ያነባል። ማሽኑ ጠርሙሱን ሆዱ ውስጥ ደብቆ ያስቀምጠዋል። አየር አረፋ ቱቦው ውስጥ ቢገባ ደግሞ አረፋውን እንደ ፈሳሽ ይቆጥረዋል። ኤሌክትሮዱ ቢደርቅ፣ ወይም አንድ ደግ ሰው "ንጹሕ ይሁን" ብሎ በተጣራ ውሃ ውስጥ ቢያሳድረው፣ የመስታወት ኤሌክትሮድ ከሆነ ሥራው ይዘገያል፤ በፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ማደር ነበረበት። ይህንን ስህተት የሠራ ሰው እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፈገግታውን እያየሁት ነው።

የእጁም ስህተት አለ። ቡሬት ስታነቡ ዐይናችሁ ከፈሳሹ ጎድጓዳ ገጽ ከፍ ካለ ያነሰ ቁጥር ታነባላችሁ፤ ዝቅ ካለ የበዛ። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች ስለሚያድግ ነው። አጭር ተማሪ በርጩማ ላይ ይቁም፤ ረጅሙ ጎንበስ ይበል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው 50 ሚሊ ሊትር ቡሬት ራሱ ከፋብሪካው 0.05 ሚሊ ሊትር ስህተት ይፈቀድለታል። 25 ሚሊ ሊትር ስታፈሱ ይህ ምንም አይደለም፤ 1.40 ስታፈሱ ግን ከመቶ ሦስት ተኩል ነው። እዚህ ላይ ለግዢ ክፍል ሰዎች አንድ ምክር አለኝ፤ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ኬሚስቱን "ትንሽ ቡሬት ለምን አትጠቀምም? ጨው ለምን አታበዛም?" በሉት። 50 ግራም ጨው ከተወሰደ ያው 1.40 ወደ 7 ሚሊ ሊትር ያድጋል፤ ያቺ የምታጣላ ጠብታም አምስት እጥፍ ታንሳለች። ይህ ነጻ ነው።

ፍጥነቱስ? ብዙ ይነገርለታል፤ ለጨው ግን ያን ያህል አይደለም። 10 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ የሚጠበቀው በእጅም በማሽንም ያው ነው፤ መመዘኑም በሰው እጅ ነው። ማሽኑ የሚያተርፈው እዚያ ቆሞ የማየቱን ጊዜ ነው። በቀን 40 ናሙና የሚገባበት ቦታ፣ ወተት እየገባ እየወጣ አሲድነቱ የሚለካበት ፋብሪካ፣ ናሙና አዟሪ ያለው ማሽን ቢኖረው ለሠራተኛው ዕረፍት ነው። በቀን ሦስት አራት ናሙና ያለው ላቦራቶሪ ግን ማሽኑን ለማዘጋጀት የሚያጠፋው ጊዜ ከሥራው ይበልጣል። ኤሌክትሮዱ ያልቃል፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ላይ የቆመ ናሙና ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። የመስታወት ቡሬት መብራት ቢጠፋ በመስኮቱ ብርሃን ይሠራል።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ሁለቱ መተያየት መቻላቸውን ነው። እኔ የምወደው አሠራር ማሽን ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ የታጠበ ቡሬት አብሮ እንዲቀመጥ ነው። በየሳምንቱ አንዱን ናሙና በእጅ ሥሩት፣ ከማሽኑ ጋር አስተያዩት። በእጅ የሚሠራው ሰው ግን የማሽኑን ቁጥር አስቀድሞ አይይ። ይህ ነው ዋናው። የእኔ ደብተር ላይ 14 የጠፋው ስለማውቅ ነበር፤ ናሙናው ላይ ቁጥር ብቻ ተለጥፎ ቢመጣልኝ፣ ነጋዴው ማን እንደሆነ፣ መስመሩ ስንት እንደሆነ ባላውቅ ኖሮ፣ ምናልባት 14.8ን ጽፌ እሄድ ነበር። ይህን ለማድረግ ማሽን አያስፈልግም። አንድ ጸሐፊና የሚለጠፍ ወረቀት ይበቃል።

ተማሪዎች "ታዲያ ማሽኑ ካለ ለምን በእጅ እንማራለን?" ይሉኛል። ማሽኑ 1.40 ሲላችሁ ምን እየነገራችሁ እንደሆነ የምታውቁት ያንን ሰማያዊ ቀለም አንድ ጊዜ በገዛ እጃችሁ ካጠፋችሁት ነው። ካጠፋችሁት በኋላ ደግሞ ፍላስኩን ጥግ አስቀምጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣል። አየሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ይህንን ሳያይ ማሽን የነካ ሰው ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ኤሌክትሮዱ ተበላሸ ብሎ አዲስ ያዝዛል።

በቃ፣ ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ነባር ባለሙያ፣ አንዱ ደግሞ ቡሬት ይዞ የማያውቅ ይሁን። ጨው ተመዝኗል፣ አሲዱም ገብቷል፤ ናሙናው ያለባቸው ሌሎቹ ፍላስኮች ንግግሬን ስጀምር ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብተዋል፤ ከ10 ደቂቃው በላይ ጨለማ ውስጥ ስለቆዩ ለዛሬ ይቅርታ። ስታርቹን እኔ እጨምራለሁ። እናንተ ሰማያዊው ሲጠፋ ዝጉ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን እጠፉት። ለጎረቤታችሁ አታሳዩ። እኔም አላይም፤ ይህ ጨው 15 ሊኖረው ይገባል ብዬ በመጀመሪያ መንገሬ ራሱ ስህተት ነበር።